ፒስታ

ግጥምና ወግ በሚነበብበት ገጽ ላይ ስለ መኪና እሽቅድምድም መጻፌ ግር ቢላችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ነገሩን ያነሣሁት ስለ አንዲት ቃል ብዬ ነው። ቃሊቱ «ፒስታ» ናት።

በእኛ አገር ፒስታ ማለት አስፋልት ያልለበሰ፣ ኮረኮንች የበዛበት፣ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው የማይቻል መንገድ ነው። «ከዚያ ወዲያ ያለው ፒስታ ነው» የተባለ መንገደኛ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ወገቡ ነው። ቃሉን ትተውልን የሄዱት ጣሊያኖች ግን የመኪና መወዳደሪያውንም ሜዳ በዚሁ ስም ይጠሩታል። አንድ ቃል በሁለት አገር አድሮ ለአንዱ የፍጥነት፣ ለሌላው የመንቀርፈፍ ስም ሆነ። ሥሩ ግን አንድ ነው፤ መርገጥ። ፒስታ ማለት የተረገጠ፣ በዱካ የተበጀ ማለት ነው። የእኛው «መንገድ»ም ቢሆን ከግእዙ «ነገደ» የተወለደ ነው፤ ሄደ፣ ተጓዘ፣ ነገደ። እንግዲህ መንገድ ማለት የሄዱበት ነው። ታዲያ ሰው የማይሄድበት መንገድ መንገድ ነው ወይ? ይህችን ጥያቄ ስንቅ አድርገን እንጓዝ።

የምኖረው ወሎ ሰፈር ነው። ከዋናው የቦሌ መንገድ ገባ ብሎ አንድ ጌም ቤት አለ። በልጅነቴ ጌም ቤት ማለት ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ፕሌይስቴሽን የተደረደሩበት፣ በየጨዋታው ሳንቲም የሚከፈልበት ጠባብ ክፍል ነበር። ሁሉም የሚጫወተው ኳስ ነው። የመኪና ሲዲ ይከፈትልኝ የሚል ልጅ ወረፋ አስረዛሚ ተብሎ ይወቀስ ነበር፤ ያ ልጅ እኔ ነበርሁ። ዛሬ ያ ዓይነቱ ቤት መሪ፣ ሦስት ፔዳልና የመኪና ወንበር አስገብቷል። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ከባንክ ስወጣ አንዳንድ ምሽት እዚያ ጎራ እላለሁ። የግማሽ ሰዓት ከፍዬም ከወሎ ሰፈር ሳልወጣ ጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ ላይ እነዳለሁ።

ኑርቡርግሪንግ በአይፍል ተራሮች መካከል የተሠራ የውድድር መንገድ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1925 ተጀምሮ በ1927 ተመረቀ፤ በዚያ ድኻ አካባቢ ለነበረው ሥራ አጥ እንጀራ እንዲሆንም ታስቦ ነበር። ሰሜናዊው ዙር ዛሬ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ስፍራ መካከል ወደ 300 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ስኮትላንዳዊው ጃኪ ስቱዋርት በጉምና በዝናብ ውስጥ ነድቶ ሁለተኛ የወጣውን በአራት ደቂቃ ቀደመው፤ ቦታውን «አረንጓዴው ሲኦል» ብሎ የሰየመውም እርሱ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ እዚያው በእሳት ተያዘ። ከሞት አፋፍ ተርፎ በስድስት ሳምንቱ ወደ ውድድር ቢመለስም ፎርሙላ ዋን ግን ወደዚያ አሮጌ ዙር አልተመለሰም።

የአነዳዱ ትምህርት ሲነገር አጭር ነው። ፍሬንህን በቀጥታው ላይ ያዝ። መኪናው ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎች ሲጥል ፍሬኑን ቀስ አድርገህ ልቀቅ። ከውጭኛው ጠርዝ ተነሥተህ ውስጠኛውን ነክተህ ወደ ውጭ ውጣ። ነዳጅ የምትሰጠው መውጫውን ስታይ ነው። መሪው በእጅህ ውስጥ ይታገላል፤ የፊት ጎማ መሬቱን መያዝ ሲያቅተው ድንገት ይቀላል፤ መጥፋትህን የሚነግርህ ያ መቅለሉ ነው። ችግሩ ግን ሌላ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ብዙው ኩርባ ከጉብታ ኋላ የተሸሸገ ነውና መውጫውን የሚያሳይህ የለም። ስለዚህ የሚነዳው በዓይን ሳይሆን በትዝታ ነው።

የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። ንባብ ሲጀመር ግእዝ ነው፤ ፊደል በፊደል፣ እየተንገታገቱ። ቀጥሎ ውርድ ንባብ ይመጣል፤ ቀጥሎ ቁም ንባብ። ቁም ንባብ የደረሰ ተማሪ ዓይኑ ፊደሉን ሳይደርስበት አፉ ቃሉን ይቀድማል። እኔም ያን መንገድ በግእዝ ጀመርሁት። በየኩርባው አጥር ስገጭ፣ ሣር ውስጥ ስገባ ብዙ ምሽት አለፈ። ካሩሴል የሚባለውን በሲሚንቶ የተለበጠ ጎድጓዳ ጥምዝ ስንት ጊዜ እንደ ሳትሁት አልቆጠርሁም። ዛሬ ውርድ ንባብ ላይ ነኝ። ቁም ንባብ ገና ነው።

*

የእነዚህ ጨዋታዎች ታሪክ ራሱን የቻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «ፖል ፖዚሽን» የተባለ የጃፓኖች ጨዋታ በዓለም ላይ በእውነት ያለ ሜዳን፣ የፉጂን ሜዳ፣ በመስኮቱ ላይ አሳየ። ሥዕሉ የልጅ ሥራ ይመስል ነበር። በ1997 ካዙኖሪ ያማኡቺ «ግራን ቱሪስሞ»ን አወጣ፤ የእኔ ዘመን ልጅ ፍሬንና ማርሽን ያወቀው በእርሱ ነው። በ2008 አይሬሲንግ የተባለው መጣ፤ ሜዳዎቹን በሌዘር ጨረር እየለካ፣ የአስፋልቱን ጉብታ ሳይቀር ወደ ኮምፒውተር አስገባ።

እኔን የሚገርመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ግራን ፕሪ ሌጀንድስ» ነው። የሠራው ድርጅት ስሙ ፓፒረስ ነበር፤ የጥንት ሰዎች ይጽፉበት የነበረው፣ በእኛ አማርኛ ደንገል የምንለው፣ የጣና ታንኳ የሚሠራበት ተክል። ፓፒረስ ስሙን የመሰለ ሥራ ሠራ። ወቅቱ ያፈራቸውን አዳዲስ መኪናዎች ትቶ ሠላሳ አንድ ዓመት ወደ ኋላ በመመለስ የ1967ን ውድድር ጻፈ። ቤልጅግ አገር ያለውን የስፓን መንገድ በ1967 እንደ ነበረ አኖረው። ያ መንገድ ፍራንኮርሻም፣ ማልመዲና ስታቭሎ የተባሉ ቦታዎችን የሚያገናኝ፣ በሰዎች ቤትና በእርሻ አጠገብ የሚያልፍ 14 ኪሎ ሜትር የሕዝብ መንገድ ነበር። ፎርሙላ ዋን ለመጨረሻ ጊዜ የተነዳበት በ1970 ነው። በ1979 በአጭር፣ በሰባት ኪሎ ሜትር ዙር ተተካ። አሮጌው ስፓ እንደ ውድድር መንገድ ሞተ። አንድ የወሎ ሰፈር ልጅ ግን ዛሬም ሊነዳበት ይችላል። ጨዋታ የተባለው ነገር የሞተ መንገድ መዝገብ ሆነ ማለት ነው።

*

አባቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ከሰባ ዓመት አልፈዋል። አንድ እሑድ ከቤተ ዘመድ ስንመለስ በዚያ ጌም ቤት በር ስናልፍ «አባዬ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ብዬ አስገባኋቸው። በመጀመሪያ እኔ ነዳሁ፤ እርሳቸው በስተኋላዬ ቆመው አዩ። አንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ እንደ ልማዴ ስቼ አጥር ገጨሁ።

«በስንት ማርሽ ነው የምትወርደው?» አሉኝ።

ነገርኋቸው።

«የወጣህበት ማርሽ ነው የሚያወርድህ። ፍሬን ያታልላል፤ ሞተር አያታልልም።»

ወንበሩን ለቀቅሁላቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ተሳቢ የጎተቱ ይመስል በዝግታ ተነሡ። ልጆቹ መሣቅ ጀመሩ። ሌሎቹ መኪናዎች ግራና ቀኝ እየጮኹ አለፏቸው። አባቴ ግን ከኩርባው በፊት ማርሽ ይቀንሳሉ፣ ጥግ ይይዛሉ፣ የማይታየው ጉብታ ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ከነዳጅ ላይ ያነሣሉ። ከሃያ ደቂቃ በላይ ፈጀባቸው። ልጆቹም መሣቃቸውን ተዉ፤ ምክንያቱም በዚያ ምሽት ከመንገድ ሳይወጣ ዙሩን የጨረሰ ሌላ ሰው አልነበረም።

አባቴ ሲነሡ ላባቸውን ጠረጉና ወደ ልጁ፣ ወደ ጌም ቤቱ ሠራተኛ፣ ዘወር አሉ።

«የአሰቡስ አለ?» አሉት።

ልጁ ዝርዝሩን ሁሉ ፈለገ። ጃፓን አለ፤ ጣሊያን አለ፤ ቤልጅግ አለ። የአሰቡ የለም።

*

የአሰብ መንገድ የአባቴ ወጣትነት ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋሮቢት፣ በከሚሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ፣ ሰርዶንና ዲቾቶን አልፎ፣ በቡሬ በኩል ከቀይ ባሕር ይደርሳል። ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ያለፉበት ዋሻ አለ፤ ሹፌሮች ሙሶሊኒ ይሉታል። የሰው ጉልበት የፈሰሰበት፣ ለመግዛት የተሠራ መንገድ ነበር። ይሁን እንጂ ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ባለቤቶቹ እኛ ሆንን፤ ቋንቋቸውም ከመንገዱ ጋር ቀረ። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ፒስታ፤ አባቴ አንድም ቀን ጣሊያንኛ ሳይማሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጣሊያንኛ የነዱ ሰው ናቸው። የነዱትም ኤንትሬ የሚሉትን ፊያት ነው።

መንገዱ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድ ተነሥቶ ወደ አፋር ሐሩር ይወርዳል፤ ከዚያም እስከ ባሕሩ። አሰብ ወደብ ብቻ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997 የሠራ የነዳጅ ማጣሪያም ነበረው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን ደግሞ ከውጭ የመጣው የዕርዳታ እህል አብዛኛው የገባው በዚያው በር ነው።

ከዚያ ግንቦት 1990 ዓ.ም. መጣ። ጦርነቱ ተነሣ፣ ቡሬ ግንባር ሆነ፣ መንገዱ ተቆረጠ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ። የማስታውሰው አባቴ ሲመለሱ ልብሳቸው ጨው ጨው ይሸት እንደ ነበርና ከዚያ በኋላ ያ ሽታ ከቤታችን መጥፋቱን ነው። በ2011 ዓ.ም. ዕንቍጣጣሽ ዕለት ቡሬ ተከፍቶ ነበር። አባቴ ያን ቀን ከቴሌቪዥን ፊት አልተነሡም። ብዙም ሳይቆይ ግን ተመልሶ ተዘጋ። ዛሬ ከባዱ መኪና ሁሉ ወደ ጅቡቲ ነውና ከዲቾቶ ወደ ጋላፊ ይታጠፋል። ወደ ቡሬ የሚወስደው ቁራጭ ግን መድረሻውን አጣ። አስፋልቱ አለ፤ መንገዱ የለም።

የማን ጥፋት ነው የሚለውን ለሌሎች እተወዋለሁ። እኔን ያስጨነቀኝ የልጁ መልስ ነው። «የለም» ሲል አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና «ይሁን» ብለው ወጡ። ያቺ «ይሁን» ለብዙ ቀን ከጆሮዬ አልወጣችም።

*

መፍትሔውን ያገኘሁት ከአንድ ጋዜጠኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1957 ድረስ በጣሊያን አገር «ሚሌ ሚሊያ»፣ ማለትም «ሺህ ማይል»፣ የሚባል ውድድር ነበር። ከብሬሺያ ተነሥቶ ሮማ ደርሶ፣ ዞሮ ብሬሺያ የሚመለስ፣ በተራ የሕዝብ መንገድ ላይ የሚነዳ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ሁሉ በቃል ሊይዝ የሚችል ሰው የለም። በ1955 እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ ዴኒስ ጀንኪንሰን የተባለ ጢማም ጋዜጠኛ በጎኑ አስቀመጠ። ሁለቱ ቀደም ብለው መንገዱን ደጋግመው ሄዱበት። ጀንኪንሰን እያንዳንዱን ኩርባ፣ እያንዳንዱን ድልድይ፣ እያንዳንዱን የተሸሸገ ጉብታ ጻፈ። ጽሑፉን አምስት ሜትር ተኩል ያህል በሆነ ጥቅል ወረቀት ላይ አስፍሮ፣ መስኮት ባለው ሣጥን ውስጥ እየጠቀለለ ያነብብ ነበር። በሞተሩ ጩኸት ምክንያት ቃል አይሰማምና ያነበበውን በእጅ ምልክት ለሞስ ያስተላልፋል። በአሥር ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨርሰው አንደኛ ወጡ።

እስኪ አስቡት። ያን መኪና የነዳው ሞስ ነው፤ መንገዱን ያየው ግን ጽሑፍ ነው። ከሌዘሩም፣ ከኮምፒውተሩም በፊት መንገድን በመንገዱ ላይ ለሌለ ሰው ያቆየው ብዕር ነበር ማለት ነው።

በሥራ ቦታዬ የሒሳብ ማሽን ጥቅል ወረቀት ዘወትር በእጄ ነው። ከጽሕፈት መሣሪያ ቤት አንድ ለራሴ ገዛሁ። ምሽት ላይ ከአባቴ ፊት ተቀመጥሁና «ከአዲስ አበባ እንነሣ» አልኋቸው። መጀመሪያ ሣቁብኝ። ቀጥሎ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ መንገዱ ከአፋቸው ይወጣ ጀመር።

ጣርማ በር ላይ፣ «ጉም ካለ መብራትህን ዝቅ፣ መስኮትህን ክፈት፤ የማይታየው ይሰማል።» ከዋሻው ወዲያ፣ «የወጣህበት ማርሽ፤ እስከ ደብረ ሲና እንዳትለውጥ።» ከሚሌ ወዲያ፣ «በሌሊት ሂድ፤ ቀን ጎማ ያበስላል።» የኬላው፣ የግመሉ መሻገሪያ፣ የምንጩ፣ ሻይ የሚገኝበት ሁሉ ተጻፈ።

ባቲ ስንደርስ ዝም አሉ። ባቲ ሰኞ ሰኞ በሚቆመው ትልቅ ገበያዋ የታወቀች ናት። እኔም ስለ ገበያው ሊነግሩኝ መስሎኝ ብዕሬን ይዤ ጠበቅሁ። በ1977 ዓ.ም. ግን ባቲ የረሃብተኞች መጠለያ ነበረች፤ አባቴም ስንዴ ጭነው የገቡት በዚያ ዘመን ነው። ብዙ ቆይተው፣

«እዚህ ጋ ቀስ በል ብለህ ጻፍ» አሉ።

«ለምን ልበል?»

«ሰው አለ።»

ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከነገሩኝ ሁሉ በዚያ ወረቀት ላይ ያለችው አጭሯ መስመር እርስዋ ናት፤ «ባቲ። ቀስ በል። ሰው አለ።» የጌም ቤቱ መንገድ የማይዘው ነገር ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሌዘር ጉብታውን ይለካል። ጉብታው ላይ ማን ቆሞ እንደ ነበር ግን አይለካም።

ሦስት ምሽት ፈጀብን። ቀይ ባሕር ስንደርስ ወረቀቱ ሳሎናችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ አልፎ ወደ ጓዳ ታጥፎ ነበር።

*

ሥነ ጽሑፍ ወዳድ ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ሹፌርና ቃል ምን አገናኛቸው ይል ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የገቡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክ መንዳትና መጠገን ይማር ብለው በዚያው ዘመን ወደ ጀርመን አገር ከላኳቸው አንዱ ተሰማ እሸቴ ነው። ኑርቡርግሪንግ ገና ሳይታሰብ በፊት አንድ ሐበሻ በጀርመን አገር መሪ ጨብጦ ነበር ማለት ነው። ይህ ሹፌር ግን ባለ ቅኔም ነበር። እዚያው ሳለ ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ፤ ከመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ የሙዚቃ ቅጂዎች መካከል ናቸው። በመቶኛ ዓመታቸው ገደማ እንደገና ታትመው ዛሬም ይደመጣሉ። በኋላ ነጋድራስ ተባለ፤ የነጋዴዎች አለቃ። ማዕረጉን እንኳ ብትመረምሩት ያው «ነገደ» ነው፤ ያው መንገድ። የጌም ቤት ልጆች የሚወዱት ኳስም ባለ ውለታው የእርሱ ልጅ ነው፤ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ።

ተሰማ የነዳባቸው የአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዛሬ የሉም፤ ድምፁ ግን አለ። የእኛም ሰፈር እንደዚሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ሥራ ሲጀመር ከሜክሲኮ በሳር ቤትና በጎተራ ወደ ወሎ ሰፈር የሚመጣው መስመር ተቆፍሮ እንደገና ተሠራ፤ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ቦሌ የሚሄደውም እንዲሁ። የእግረኛው መንገድ ሰፋ፣ መብራት በራ። እኔ በልጅነቴ ዳቦ ልገዛ የምሮጥበት ኩርባ ግን የት ጋ እንደ ነበር ዛሬ በእርግጠኝነት ላሳያችሁ አልችልም። አዲሱን መንገድ አልጠላሁትም። አሮጌውን ሳልጽፈው በመቅረቴ ግን አፍራለሁ።

እንግዲህ ወደ ስንቃችን እንመለስ። ሰው የማይሄድበት መንገድ መንገድ ነው ወይ? ነው፤ የሄደበት ሰው እስኪናገረው፣ የሚሰማው እስኪጽፈው ድረስ። ስለዚህ እናንተ ቤት ውስጥ አንድ ሹፌር፣ አንድ ሲራራ ነጋዴ፣ አንድ ፖስተኛ ካለ፣ አንድ ጥቅል ወረቀት ግዙ። ዋጋው ከጌም ቤት ግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

የሄዱበት ብቻ መንገድ ከተባለ፣
እኔ ያልሄድሁበት ባባቴ አፍ ውስጥ አለ።
ጉሙ ቢከልለው ኩርባውን ካይኔ፣
ቃላቸውን ይዤ እወርዳለሁ እኔ፤
የወጣሁበትን ማርሽ ሳልለውጥ፣
ሰው አለ ባሉበት ቆም ልበል ላድምጥ።